ለእንጨቱ ድምፅ ቦታ ልቀቁለት

ባንጆን፣ ማንዶሊንን ወይም ክራርን የመሰለ ባለ ክር መሣሪያ ከድራምና ከኤሌክትሪክ ቤዝ ጋር አንድ መድረክ ላይ ለማውጣት ለምታስቡ ወጣቶች፦

ዕድሜዬን የፈጀሁት በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉ መድረኮች በድምፅ ባለሙያነት ነው። በባንጆና በማንዶሊን የሚታወቀው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ብሉግራስና በቤዝና በድራም ምት ላይ የቆመው የጥቁር አሜሪካውያን ጭፈራ ሙዚቃ ፈንክ በዚህ አካባቢ ጎረቤታሞች ናቸው። ዘ ሴልደም ሲን የተባለው የብሉግራስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ውስጥ ሲሆን፣ በኋላም አሌክሳንድሪያ በሚገኘው በርችሜር የተባለ የሙዚቃ ቤት የሐሙስ ምሽት ቋሚ ተጫዋች ነበር። በወንዙ ማዶ፣ በዋሽንግተን፣ ደግሞ ጊታሪስቱ ቸክ ብራውን ጎጎ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ከፈንክ አዋለደ፤ ከተማዋም በ2020 ጎጎን በሕግ የራሷ ሙዚቃ አድርጋ አወጀች። ሁለቱን ለማገናኘት የሚሞክሩ ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ባንጆው እንዲሰማ ምን ያህል እናጉላው? አታጉሉት እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ማን ዝም እንደሚል ወስኑ።

ይህን የምለው ብሉግራስ ራሱ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የብሉግራስ አባት የሚባለው የማንዶሊን ተጫዋች ቢል ሞንሮ ቡድን፣ በ1945 ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚጫወተውን ባንጆ ይዞ ሲቀላቀለው፣ የድራም አገልግሎት የሚሰጡት ሌሎች መሣሪያዎች ነበሩ። ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ፣ ኮንትራባሱ፣ ጠንካራውን ምት ይይዛል፤ ማንዶሊኑ በመካከሉ ክሮቹን መትቶ ወዲያው ያፍናቸዋል። በዚያ ዘመን ብዙ ቡድኖች የሚጫወቱት አንድ ማይክሮፎን ከብበው ነበር። ተራው የደረሰ ወደ ፊት ይጠጋል፣ ጨርሶ ወደ ኋላ ይላል፤ ድምፁን የሚያመጣጥኑት በእግራቸው ነበር። እኔ ድምፅ በሚመጣጠንበት ሚክሰር ፊት የምሠራው ሥራ ከዚያ የተሻለ ነው ለማለት አልደፍርም።

እንግዲህ ድራም ሲገባ ምን ይሆናል? የማንዶሊኑ ቁርጥ ያለ ምትና ስኔር የሚባለው ከበሮ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ማንዶሊኑ ይሸነፋል፤ ተጫዋቹም ተናዶ ይበልጥ አጥብቆ ይመታል፤ ክሩ ይጮሃል እንጂ ሙዚቃው አይሰማም። አንዱ ቦታውን መልቀቅ አለበት። ድራም መቺው ስኔሩን በአንዳንድ ክፍሎች በሙሉ ቢተወው ደስ ይለኛል። አለበለዚያ ማንዶሊኑ በምቶቹ መካከል የሚገቡ አጫጭር ሐረጎችን ይፈልግ። ባንጆውም እንዲሁ ነው። ሳያቋርጥ የሚንከባለለው የሦስት ጣት አጨዋወት በብሉግራስ ውስጥ ውበት ነው፤ በፈንክ ላይ ግን ቤዙ ሊተነፍስበት የሚገባውን ክፍተት ሁሉ ይደፍናል። የባንጆ ድምፅ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይጠፋል። ስለዚህ የፈንክ ቡድኖች ክላቪኔት የሚባለውን ኪቦርድ እንደሚጠቀሙበት በአጭሩ፣ እየቆረጣችሁ ተጫወቱት።

ከዚህ የሚከብደው የጊዜ ስሜት ነው። የብሉግራስ ተጫዋች ምቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ ፍጥነቱ ሳይጨምር የሚሮጥ ይመስላል። የፈንክ ቤዝ ደግሞ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ፣ የፈንክ ፈር ቀዳጁ ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ሙዚቀኞቹን አጥብቆ እንዳስያዛቸው፣ በመጀመሪያው ምት ላይ ክብደቱን ይጥላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ልምምድ አታስታርቋቸውም። ድራሙን አስወጥታችሁ ቤዝና ማንዶሊን ብቻቸውን ደጋግመው ይጫወቱ፤ እርስ በርስ መደማመጥ እስኪጀምሩ ድረስ ሌላ ሰው አይግባ።

የባንጆ ተጫዋቹ ቤላ ፍሌክ በ1988 ፍሌክቶንስ የተባለውን ቡድን ሲያቋቁም ያደረገውን ልብ በሉ። ቪክተር ዉተን ኤሌክትሪክ ቤዝ፣ ሃዋርድ ሌቪ ሃርሞኒካና ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። ፊውቸር ማን የሚባለው ሮይ ዉተን ደግሞ የድራሙን ድምፅ የሚያወጣው ጊታር በሚመስል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የመሣሪያውን እንግዳነት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ በባንጆው ማይክሮፎን ውስጥ የሚገባ የጸናጽልና የከበሮ ጩኸት መድረኩ ላይ የለም። የድራሙ መጠን በሙሉ በድምፅ ባለሙያው እጅ ነው። የማንዶሊን ተጫዋቹ ዴቪድ ግሪስማንም በ1977 በወጣው የቡድኑ አልበም ላይ ማንዶሊንን፣ ቫዮሊንን፣ የቶኒ ራይስን ጊታርና ኮንትራባስን ይዞ ወደ ጃዝ ሲጠጋ ድራምም ባንጆም አላስገባም።

እናንተ እውነተኛ ድራም ካላችሁ የሚከተለውን ያዙ። የማንዶሊንና የቫዮሊን ዝቅተኛ ክር 196 ሄርዝ (በሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) ገደማ ነው፤ የባንጆ በተለመደው ቅኝት 147 አካባቢ፤ የቤዝ ጊታር ግን 41። ስለዚህ በማንዶሊኑ መስመር ከ100 ሄርዝ በታች የሚመጣው የመድረኩ ጉርምርምታ ነውና ያለ ርኅራኄ ቁረጡት። ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበትን የመድረክ ድምፅ ማጉያ፣ ሞኒተሩን፣ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ብትቀይሩት ፊድባክ የምንለው ፉጨት በጣም ይቀንሳል። ባንጆ ላይ የተወጠረው ሽፋን ከቤዙ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ ትንሽ ጨርቅ መወተፍ ብዙ ይረዳል። ጃዝ ስትጫወቱ ደግሞ ማንዶሊኑ ሙሉ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) አይሸከም፤ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ይያዝ፣ መሠረቱን ለቤዝ ይተው።

ክራርና ማሲንቆ ይዛችሁ ለምትመጡት ይህ ሁሉ ይሠራል፤ የእነርሱም ሆድ ቆዳ የለበሰ ነውና እንደ ባንጆው ከቤዙ ጋር ይንቀጠቀጣል። ለእናንተ የሚጨመረው የቅኝት ጉዳይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችንን ከጃዝ ኮርድ ጋር ሲያዋህድ ብዙ የተጨነቀበት ነገር ቅኝቱ እንዳይጠፋ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቻችሁ በአምባሰል ላይ ያገኘውን ኮርድ ሁሉ ሲደርብ ክራሩ ትክክለኛውን ድምፅ እየመታ የተሳሳተ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ክራር ተጫዋቹን አታርሙት። በድምፅ ፍተሻው ላይ ክራሩ ብቻውን ይጀምር፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ ድራም፤ ኪቦርዱ መጨረሻ ይግባና የሚጨምረውን እያንዳንዱን ኮርድ ከክራሩ ጋር አመሳክሩ። የማይስማማውን ከቅንብሩ አውጡት።