ሞጋምቦና ያ ቁጡ አባት አንድ ሰው ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከአዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነኝ። ባለፈው እሁድ ከፋዘር ጋር የህንድ ፊልም እያየን ልጁን ለምትወደው ልጅ አልድርም ብሎ ዓይኑን የሚያፈጠውን አባት ሳየው "ይሄ እኮ የሚስተር ኢንዲያው ክፉ፣ ሞጋምቦ ነው" አልኩ፣ ፋዘር አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ጭራሽ ያ የፈረንጅ ፊልም ላይ የሰው ልብ በእጁ መንጭቆ የሚያወጣው መላጣም እሱ ነው ስለው "እሱ መላጣ፣ ይሄ ፀጉራም!" ብሎ ሳቀብኝ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተወራርደናል፣ ፍረዱን። ሰውየው አሁን የት ነው?

መልስ፦ በልተሃል፣ ሥጋውን ፋዘር ይግዙ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፣ አምሪሽ ፑሪ ይባላል። ፋዘርንም ግን አንፈርድባቸውም፣ ያሳሳታቸው ፀጉሩ ነው። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኢንዲያና ጆንስ ላይ ሞላ ራም የሚባለውን የጣዖት ካህን ሊሠራ ጭንቅላቱን ተላጨ፣ ከዛ በኋላ በዛው ተላጭቶ ቀረና እንደ ፊልሙ ዊግ ይቀያይር ጀመር። ሞጋምቦ የመጣው በ1987 ሚስተር ኢንዲያ ፊልም ላይ ነው፣ በዊግ።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ፑሪ በ1932 ፑንጃብ ውስጥ ነው የተወለደው፣ ታላላቆቹ ቻማንና ማዳን ቀድመውት ተዋናይ ሆነዋል (ማዳንን ፋዘር ሳያውቁት አይቀሩም፣ እሱም ክፉ ክፉውን ነበር የሚሠራው)፣ እና እሱም በ22 ዓመቱ መሪ ተዋናይ ልሁን ብሎ ቦምቤይ ላይ ለሙከራ ቢቀርብ ፊትህ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ከዛ ምን አደረገ መሰለህ፣ የመንግሥት የሠራተኞች ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ቀን ፋይል ሲያገላብጥ ማታ ቲያትር ይሠራል፣ እንዲህ እያለ ወደ 20 ዓመት! ሚስቱንም ያገኛት እዛው ቢሮ ነው። ፊልም ላይ በትንንሽ ሮል ብቅ ሲል 40 ሊደፍን ምንም አልቀረውም። ዳይሬክተሩ ሺያም ቤኔጋል በ1970ዎቹ ደጋግሞ አሠራው፣ በ1988 ለቴሌቪዥን በሠራው የህንድ ታሪክ ተከታታይ ድራማም አስገብቶታል። በ1980 ሁም ፓንች ላይ ዋናው ክፉ ሆነ፣ ከዛ ማን ያቁመው፣ በሕይወቱ ከ400 በላይ ፊልም ሠርቷል።

ከጠየቅከን አይቀር፣ እኛ ከሞጋምቦ ይልቅ ያየኸውን አባት ነው የምናደንቀው፣ ፊልሙ የ1995ቱ ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ነው። ሞጋምቦን እኮ ልብሱም ዙፋኑም ያግዘዋል፣ ይሄ ግን ለንደን ውስጥ ሱቅ ያለው ተራ ሰው ነው፣ ያለው ዓይኑና ያ ጎርናና ድምፁ ብቻ። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የልጁን እጅ ጭምድድ አድርጎ ይዞ ይዞ ድንገት ሲለቃት፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስንት ጎረምሳ ዓይኑን ጠርጓል፣ ጢስ ነው እያለ።

አሁን የት ነው ላልከው፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2005 በ72 ዓመቱ ሙምባይ ውስጥ አርፏል።

እና ሥጋው ሲቀርብ ማስረጃ ላሳይ ብለህ የሞላ ራምን ልብ መንጨቅ እንዳትከፍት፣ መጀመሪያ ይበላ።