ያቋረጡትን ኮድ መልሶ ስለማግኘት

ጥያቄ፦ ከቤት ሆኜ ፕሮግራም የምጽፍ አባት ነኝ። የሦስት ዓመት ልጄ በሥራ መሐል መጥታ «ተረት ተረት» ስትለኝ «የላም በረት» ካላልኳት አትሄድም፤ ሰምቻት ስመለስ ግን ኮዱን የት እንዳደረስኩት ይጠፋብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከወንበርዎ ከመነሳትዎ በፊት ቀጥሎ ሊሠሩት ያሰቡትን በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ የኮሜንት (ኮምፒውተሩ አልፎት የሚሄደው ማስታወሻ) ምልክት ሳያስቀድሙ፣ በኮዱ መሐል ይጻፉት፤ ፕሮግራሙን ሲያስኬዱት በዚያው መስመር ላይ ስሕተት አለ ብሎ ስለሚቆም፣ ያቋረጡበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ራሱ ያሳይዎታል። በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ መሣሪያ) የሚሠሩ ከሆነ ያላለቀውን ሥራ በራስዎ ቅርንጫፍ (ከዋናው ኮድ በተለየ የሥራ መስመር) ላይ ኮሚት ማድረግም (መዝግቦ ማስቀመጥም) አያሳፍርም። በተረቱ ውስጥ ጅቡ ድንገት አውቶቡስ ተሳፍሮ ቢገኝ ለማረም አይቸኩሉ፤ «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። እኔ ቤት ያለው አንበሳ ጥርሱን ሊቦርሽ ከገባ ሳምንት ሆኖታል፤ ገና አልወጣም።