«ትንሽ ነገር ይቀረዋል» እያሉ አይደንቱን ለሚመልሱበት ወንድሜ

ለአንድ ቻናል የ10 ሰከንድ አይደንት (በፕሮግራሞች መሀል የሚገባው የቻናሉ መለያ ቪዲዮ) ሰርቼ «ቆንጆ ነው ግን ትንሽ ነገር ይቀረዋል» እያሉ ይመልሱብኛል፣ ምኑን ላሻሽለው ብለህ የጠየቅከውን አየሁት። እኔም በዚሁ ስላለፍኩ ልንገርህ፣ ሶፍትዌሩን ትችላለህ ብዬ ነው የማወራህ።

1. «ትንሽ ነገር» ለሚል ሰው ሌላ ሬንደር (ያለቀለት ቪዲዮ) አትላክለት። ምን እንደሚቀረው ራሱም አያውቅማ! መነሻውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን የሚያሳዩ ፍሬሞች ብቻ ላክ፣ እሱ ላይ ስትስማሙ ቀለምና ላይት የሌለው አኒማቲክ (የእንቅስቃሴው ረቂቅ ቪዲዮ) ከነድምጹ፣ ሬንደር ከዛ በኋላ ነው። ማጽደቃቸውንም በጽሁፍ ተቀበል። እኔን በስልክ «ኧረ እሳት ነው» ያለኝ የማርኬቲንግ ሰውዬ ስራው ካለቀ በኋላ አለቃው ፊት ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኛ ያልነው እንዲህ አልነበረም» ብሏል።

2. ጨምር ሲሉህ ቀንስ። ሉል ይዙር፣ ብርሃን ይርጭ፣ ሳተላይት ይለፍ ይሉሃል። የእንግሊዙ ቻናል 4 በ1982 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር የነበረው አይደንት እኮ ባለቀለም ብሎኮች ተገጣጥመው 4 ቁጥርን ሲሰሩ ነው፣ በቃ፣ የሙዚቃው መለያም አራት ኖታ ነው፣ የሙያው ሰው ግን እስካሁን ያነሳዋል። አይደንት በቀን ስንቴ እንደሚደጋገም አስበው፣ መጀመሪያ ያስደመመው ኤፌክት ነው ቀድሞ የሚሰለቸው። ሎጎው ከገጠመ በኋላ ደሞ 2 ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ ይቁም፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬም አታሽከርክረው፣ አስተዋዋቂው የሚናገርባት ቦታ ይፈልጋል።

3. ቴክኒክ ክፍል። እዚህ ጋ ነው የተቃጠልኩት። ስራ ከመጀመሬ በፊት ሄጄ ጠየቅኩ እኮ፣ ስንት ፍሬም፣ ኢንተርሌስድ (ፍሬሙ ለሁለት ተከፍሎ በየተራ የሚታይ) ነው ፕሮግሬሲቭ (ሙሉው ፍሬም ባንዴ የሚታይ)፣ የድምጹ ልክ ስንት ይሁን ብዬ፣ ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «ኤችዲ ይሁን በቃ» አለኝ። በ1080፣ 25 ፍሬም ፕሮግሬሲቭ አድርጌ አስረከብኩ፣ «አይሰራም» የምትል አንዲት ቃል መጣች፣ ምክንያት የለ ምን የለ። ኮሪደር ላይ ስጠብቅ ውዬ በመጨረሻ አንድ የማስተር ኮንትሮል (ስርጭቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ልጅ አዘነልኝና ሞኒተሩን አሳየኝ። ጣቢያው የሚያሰራጨው 1080 ኢንተርሌስድ፣ በሰከንድ 50 ፊልድ (እያንዳንዱ የፍሬሙን ግማሽ መስመሮች የያዘ) ነው ለካ! የሎጎው ቀጫጭን አግድም መስመሮች ባለ አንድ ፒክስል ስለሆኑ አንዱ ፊልድ ላይ ይታያሉ ሌላኛው ላይ ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ይርገበገባሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ምንም አይታይም። መፍትሄው መስመሩን ወደ 3 ፒክስል ማወፈር ወይም ወደላይና ወደታች ትንሽ ብለር መስጠት ነው፣ ያንተም ሎጎ ቀጭን መስመር አለበት ብዬ እገምታለሁ። ኢንተርሌስድ ካወጣህ ደሞ ኤችዲ ላይ የላይኛው ፊልድ ነው የሚቀድመው፣ ከተገለበጠ እንቅስቃሴው ይንዘፈዘፋል።

ጽሁፍና ሎጎ ከየጠርዙ 5 በመቶ ገባ ይበል፣ 1920 በ1080 ላይ ከግራና ከቀኝ 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክስል ማለት ነው። ድምጹን እንደ ዩቲዩብ አታስጩኸው፣ የአውሮፓውን የድምጽ ደንብ አር 128 የሚከተል ጣቢያ ከሆነ ልኩ ኔጌቲቭ 23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምጽ ጩኸት መለኪያ) ነው፣ አሜሪካኖቹ ደሞ ኔጌቲቭ 24።

በነገራችን ላይ ያ የኔ አይደንት ተስተካክሎ አየር ላይ ውሎ አንድም ቦታ አልተርገበገበም። ያ ቀና ብሎ ያላየኝ ኃላፊም አሁን አዲስ ሰሪ ሲመጣበት «እሱን ጠይቁት» እያለ ስልኬን ይሰጣል፣ ስፔኩን (የቴክኒክ መስፈርቱን) በአንዲት ወረቀት ጽፎ መስጠት ሲችል!

4. አልፋ (ከሎጎው ውጭ ያለውን ግልጽ አድርጎ የሚያሳልፈው መረጃ) ከጠየቁህ ስትሬት (ቀለሙ እንዳለ የተቀመጠ) ነው ፕሪመልቲፕላይድ (ቀለሙ ከአልፋው ጋር ቀድሞ የተባዛ) ብለህ ጠይቃቸው፣ ካልተስማማ የሎጎው ዙሪያ ጥቁር ጭረት ያወጣል። ስፔካቸውን ከሰጡህ እዚሁ ለጥፈው፣ ካልሰጡህ ግን ማርኬቲንጉን ትተህ ቀጥታ ማስተር ኮንትሮል ያሉትን ልጆች አግኝ።