የሙያ ምክር፦ አስራ አንድ ዘፈን ያለበት ደብተር

ደብዳቤው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የ24 ዓመት ወጣት ናት። አምና በአካውንቲንግ ተመርቃ አሁን የአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ ትይዛለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከባንድ ጋር ሰርግ ላይ ትዘፍናለች።

«ጋሼ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ የሠራኋቸው 11 ዘፈኖች ደብተሬ ላይ አሉኝ። አንዱን ቲክቶክ ላይ ለቅቄው ብዙ ሰው ወደደው። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ አንድ ፕሮዲውሰር ደወለልኝ። የአልበሙን ወጪ ሙሉ በሙሉ እሱ ሊችል፣ እኔ ደግሞ ለ7 ዓመት የምሠራውን ሁሉ ለእሱ ልሰጥ ውል ላከልኝ። ሥራዬን ልቀቅና ልሂድ? አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ‹ያስተማርኩሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?› ብሎ አኩርፏል።»

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ መሄድና መቅረት ነው። የእኔ ዓይን ግን ውሉ ላይ ቀረ። ከእሱ ልጀምር።

አንድ ዘፈን ሲቀረጽ ውስጡ ሦስት ሰው አለ። አንዱ ግጥምና ዜማውን የደረሰው ነው። ሌላው የዘፈነው ነው፤ ሕጉ «ከዋኝ» ይለዋል። ሦስተኛው ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል) ለሦስቱም ለየብቻ መብት ይሰጣል። የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ብዙ ዘፋኝ ግጥሙን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው ገዝቶ፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ነው ስቱዲዮ የሚገባው። አንቺ ሁለቱን ይዘሽ ነው የምትገቢው። ሰውየው ብር ስላወጣ ከቅጂው፣ ማለትም ከተቀረጸው ድምፅ ላይ ድርሻ ቢፈልግ አልፈርድበትም። ግን «የምትሠሪውን ሁሉ» ሲል ግጥሙንና ዜማውንም አብሮ ጠቀለለው። ለዚያውም ገና ያልጻፍሽውን!

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በካሴት ዘመን ደሴ ውስጥ ለአንድ ዘፋኝ ግጥምና ዜማ ሰጠሁት። የተስማማነው በቃል ነው፤ ሻይ ጋብዞኛል። ካሴቱ ሲወጣ ፒያሳ ሄጄ በገዛ ብሬ ገዛሁ። ሽፋኑን ገልብጬ ስሜን ስፈልግ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ብቻዬን ሕዝብ ሆኜ አረፍኩት። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «እንዴት ነው ሕዝቡ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

«የሕዝብ» ካልን አይቀር፣ ከ11ዱ ስንቶቹ ከሀገርኛ ዜማ የተነሱ ናቸው? እኛ ወሎዎች እዚህ ላይ ቶሎ እንሳሳታለን። ያደግነው ዜማ መሀል ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የሁለቱ ስም የሰፈራችን ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ። ትዝታንም ወሎ የእኔ ነው ይላል፤ ማን ይከራከረዋል? ቅኝት ግን የማንም ንብረት አይደለም። አምስት ድምፅ ነው። በአምባሰል ቅኝት አዲስ ዜማ ብትሠሪ ዜማው ያንቺ ነው። እናቶቻችን ሰርግ ላይ ሲሉት የኖሩትን ዜማ ወስደሽ አዲስ ስንኝ ብታስገቢበት ግን ያንቺ ስንኙ ብቻ ነው። ደብተርሽ ላይ ለይተሽ ምልክት አድርጊ። ውል ላይ «ዜማው የእኔ ነው» ብለሽ ፈርመሽ ኋላ ጣጣ ቢመጣ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

ከዚያ 11ዱንም በስልክሽ ቅረጫቸው። በክራርም ይሁን በጭብጨባ፣ አይጨንቅሽ። ሕጉ የግድ አስመዝግቢ አይልም። ሥራው ወጥ ከሆነና በወረቀት ወይም በድምፅ ከሰፈረ ይጠበቃል። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ዜማ ግን ማንም አይጠብቅልሽም። ቅጂዎቹን ለራስሽ ኢሜይል ላኪያቸው፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጥልሻል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ የተማርሽው ሒሳብ ይጠቅምሻል። «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ሲባል ብዙ ዘፋኝ ስጦታ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ብድር ነው። ስቱዲዮው፣ አቀናባሪው፣ ሚክሲንግና ማስተሪንጉ፣ ክሊፑ፣ ፖስተሩ ሁሉ ተደምሮ መጀመሪያ ከገቢው ላይ ይነሳል። ያንቺ ድርሻ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ወጪው ጣሪያ አለው ወይ? ደረሰኙን አያለሁ ወይ? ሒሳቡ በስንት ወሩ ይዘጋል? ብለሽ ጠይቂው። ከመደብራችሁ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ያለ ደረሰኝ አታስወጪም፤ ይሄስ ከሲሚንቶ ያንሳል? ዩቲዩብ ላይ ዘፈኑ በማን ስም እንደሚመዘገብም ይጻፍ። በእሱ ብቻ ከተመዘገበ፣ ነገ የራስሽን ዘፈን በራስሽ ቻናል ስትጭኚ «የሌላ ሰው ንብረት ነው» የሚል መልእክት ሊደርስሽ ይችላል።

ሰውየውን ግን አታባርሪው። ድምፅሽን ሰምቶ ስልክ መደወሉ ቀላል ነገር አይደለም። «አንድ ነጠላ ዜማ እንሥራ፤ ከቅጂው የምንካፈለው ይህን ያህል፣ ለዚህን ያህል ዓመት፤ ግጥምና ዜማው የእኔ ነው፤ ስሜም ይጻፍ» በይው። በጽሑፍ። ከዚያ እሺ ቢልም እንቢ ቢልም ማንነቱን ታውቂዋለሽ።

ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም። አስቴር አወቀን ተመልከቺ። ብዙ ዘፈኖቿን ራሷ የምትደርስ ናት። አዲስ አበባ ከባንዶች ጋር ዘፍና፣ ካሴት አውጥታ፣ አሜሪካ ስትገባ ግን እንደገና የጀመረችው ከሬስቶራንት መድረክ ነው። የውጭው ዓለም ያወቃት አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከሄደች ከዓመታት በኋላ። ቴዲ አፍሮም ግጥምና ዜማውን ራሱ ይሠራል። ዋና ዋና አልበሞቹ የወጡት በእኛ አቆጣጠር በ1993፣ በ1997፣ በ2004 እና በ2009 ነው። በመሀል ያለውን ክፍተት ቁጠሪው፤ 4፣ 7፣ 5 ዓመት። የራሱን የሚጽፍ ሰው እንዲህ ነው፤ እንደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በሜትር አያመርትም። ስለዚህ «7 ዓመት» የሚለውን መልሰሽ አንብቢው። እንዲህ ለሚሠራ ሰው 7 ዓመት አንድ አልበም ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ሰውየው የጠየቀሽ ወጣትነትሽን በሙሉ ነው። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ የቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል። ደመወዝሽ «እንቢ» ለማለት አቅም ይሰጥሻል።

ከ11ዱ መጀመሪያ የትኛውን ትቅረጪ? ሰርጉ ይምረጥልሽ። የራስሽን አንዷን በታወቁ ዘፈኖች መሀል ሸጎጥ አድርጊ። በጭብጨባው አትታለዪ፤ ሰርግ ላይ ለሁሉም ይጨበጨባል። መጨረሻ ላይ ኪቦርዲስቱ ገመድ እየጠቀለለ ሳያስበው የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ያዢ። እሱን ነው የምትቀርጪው። አቀናባሪው አዲስ አበባ ቢሆንም ቅንብሩን በቴሌግራም ይልክልሻል። ያን ሁሉ መንገድ የምትሄጂው ድምፅ ለማስገባት ብቻ ነው፤ ለዚያ ሁለት ቀን ፈቃድ ይበቃል። ሒሳብ ስትከፍዪ ታዲያ የተጠናቀቀውን ዘፈን ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ። እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው፣ ድምፅሽንም ለየብቻው ተቀበዪ። ነገ ሌላ አቀናባሪ ቢነካው ከዜሮ አትጀምሪም።

አባትሽን በተመለከተ፣ አዝማሪ ስለሚለው ስድብ ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ። ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ውሉን አንብቢላቸው። እህል ነጋዴ ናቸው። ገና ያልተዘራ ማሳ የ7 ዓመት ምርት በአንድ ቀብድ ሲጠየቅ ምን እንደሚባል ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ትንሽ ተቆጥተው፣ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ የሚፈልጉት ዘፈን ያንቺ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ደብተሩን አውጪላቸው።