ሊኑክስ የጫንኩላቸው ሰዎች የት ደረሱ?

ጥያቄውን ላላያችሁ ልድገመው። አንድ ወንድማችን ላፕቶፑ ደህና እየሠራ ዊንዶውስ 11 አልገባም አለው። «ሊኑክስ ጫንበት» (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሲስተም ነው) የሚለው መካሪ በዛበትና «ለመሆኑ እነዚህ አማራጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንደኔ ያለውን ተራ ተጠቃሚ መቼም ሊማርኩ ይችላሉ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከመልሶቹ ግማሹ «ዊንዶውስ አበቃለት» ይላል። ግማሹ «አትድከም» ይላል።

እኔ ላለፉት አስራ ምናምን ዓመታት ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለሥራ ባልደረባ ሊኑክስ ስጭን ኖሬያለሁ። መልሼ የነቀልኩትም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ። ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ከአክስቴ ልጀምር። ላፕቶፓቸው ከማርጀቱ የተነሳ አብርተውት ሌላ ሥራ ሠርተው ነበር የሚመለሱት። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ጫንኩላቸው። ከመሄዴ በፊት የብራውዘሩን ምልክት ድሮ ከነበረበት ቦታ፣ በግራ በኩል ከላይ ሦስተኛው ላይ አስቀመጥኩት። የፎቶ ፎልደራቸውን ከሥሩ። ጀርባው ላይ የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ፎቶም መለስኩት። በሳምንቱ ደውዬ «አዲሱ እንዴት ሆነልዎት?» አልኳቸው።

«የምን አዲስ?» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ አጽድተህልኝ ሄደህ የለም እንዴ? ፈጠነ እኮ፣ ተባረክ!»

ስድስት ዓመት ተጠቀሙበት። ሊኑክስ የሚባል ስም እስከ ዛሬ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛዬ። እሱ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ኤክሴል ላይ እጁ ይበርራል። «ለዚህማ ምን ችግር አለው» ብዬ ዊንዶውሱን ጠርጌ ሊኑክስ ጫንኩለት። በማግስቱ የደመወዝ ፋይሉን ከፈተው። ቁጥሩ አለ፣ ቀለሙ አለ። ከላይ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ አለች፤ ስትጫናት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ተቀናሽ አስልታ ለየብቻ ወረቀት ታወጣለች። መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ዓመታት ያለፉት ልጅ የጻፋት ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ናት። ተጫናት። ጸጥ። ደገማት። ጸጥ። እኔም ማክሮው ለኤክሴል ተብሎ እንደተጻፈ፣ ሌላ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ እንደማይረዳው፣ ቁጭ ብሎ እንደገና መጻፍ እንደሚቻል ማብራራት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰማኝና «ገባኝ፤ ደመወዙ ግን ነገ ነው» አለኝ።

ማታውኑ ዊንዶውስ መለስኩለት።

የጫንኩላቸውን አንድ በአንድ ሳስታውስ መልኩ ተመሳሳይ ነው። ኮምፒውተር ለብራውዘር፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይቆያል። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰውም ይቆያል። የሚመለሰው መሃል ላይ ያለው ነው። የለመዳት ፕሮግራም አለችው፣ ዓመታት የሰበሰባቸው አቋራጮች አሉት፣ የሚልክለትም የሚቀበለውም ሰው የሚጠቀምበት የፋይል ዓይነት አለው። ያንን ጥሎ ምን ያገኛል? «ነፃ ነው» ስትለው «የኔም እኮ ነፃ ነው» ይልሃል። ዊንዶውሱ ከማሽኑ ጋር ስለመጣ ዋጋው ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ ትዝ አይለውም። በነገራችን ላይ ተራ ተጠቃሚ ስንል የምናስበው አክስቴን ነው። ብዙው ሰው ግን ያ የሒሳብ ጓደኛዬ ነው።

የቴክኒክ ጥራት ብቻውን የትም እንደማያደርስ ታሪኩም ያሳያል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አይቢኤም በ1992 ያወጣው ኦኤስ/2 2.0 በዘመኑ ከነበረው ዊንዶውስ የተሻለ ነው የሚሉት ብዙ ነበሩ። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችንም ያሠራል። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነበር። የዊንዶውሱ ከሠራ ማን ደክሞ ለኦኤስ/2 ለብቻ ይጽፋል? ቢኦኤስ የሚባል ደግሞ ነበር፣ ለቪዲዮና ለድምፅ የተዋጣለት። ሠሪው ኩባንያ ኮምፒውተር አምራቾች ከዊንዶውስ ጎን እንዳይጭኑት ማይክሮሶፍት አስሯቸዋል ብሎ በ2002 ከሰሰ። በዓመቱ ጥፋት ሳይታመን በ23.25 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ገንዘቡ ሲመጣ ግን ቢኦኤስ ከገበያ ወጥቶ ነበር።

ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የዊንዶውስ ፎን ነገር ነው። እዚህ ላይ ተራው ዞረና አማራጩ ማይክሮሶፍት ራሱ ሆነ። ገንዘብ አለው፣ ስም አለው፣ በ2014 የኖኪያን የስልክ ክፍል ገዝቷል። ስልኩም የሚያምር፣ የሚፈጥን ነበር፤ እኔም ይዤው አውቃለሁ። ግን ሰው የሚፈልገው አፕ የለውም። አፕ ሠሪው «ተጠቃሚ ይምጣና እሠራለሁ» ይላል፣ ተጠቃሚው «አፑ ይምጣና እገዛለሁ» ይላል። እንደዚያው ሲባባሉ አበቃ። ማይክሮሶፍትን የሚያክል ባለገንዘብ ያልፈታውን ችግር በትርፍ ሰዓታቸው ኮድ የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ለምን አልፈቱትም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ታዲያ ያሸነፈ የለም? አለ እንጂ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የጀመረው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዛሬ አንድሮይድ ውስጥ ነው። ጉግል በ2021 አንድሮይድ ከ3 ቢሊዮን በላይ መሣሪያ ላይ እንደሚሠራ ተናግሯል። ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገዙት ክሮምቡክ ውስጥም ሊኑክስ አለ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የጌም ኩባንያው ቫልቭ ስቲም ዴክ የሚባል የእጅ ጌም መጫወቻ በሊኑክስ ይሸጣል። የኦኤስ/2 ዕጣ እንዳይደርሰው ስፈራ ነበር፤ እሱም ፕሮቶን በሚባል አስተርጓሚ ሶፍትዌር አማካይነት የሚያጫውተው የዊንዶውስ ጌሞችን ነውና። እስካሁን ግን ይዞታል፣ አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች በፀረ ማጭበርበሪያ ሶፍትዌራቸው ምክንያት እምቢ ቢሉትም። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ገዢው ምንም አልጫነም። ከካርቶኑ አውጥቶ አበራው፣ ሠራ።

«ከካርቶን ቢመጣ ይበቃል» እንዳትለኝ ደግሞ። በ2007 የወጣችው አሱስ ኢ ፒሲ፣ ያቺ ባለ 7 ኢንች ትንሽ ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ ተጭኖባት ነበር የመጣችው። ተወደደች። ማይክሮሶፍት በ2008 አጋማሽ ሊያቆመው የነበረውን የድሮውን የዊንዶውስ ኤክስፒ ሽያጭ ለእንዲህ ዓይነት ርካሽ ማሽኖች ሲል አራዘመው። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ወደ ኤክስፒ ዞረ። ያኔ ሰው ትንሽ ላፕቶፕ ሲያይ የለመደውን ዊንዶውስ ነው የሚጠብቀው። ስልክ ላይ ግን ቀድሞ የለመደው ነገር ስላልነበረ አንድሮይድን በእጁ ተቀበለው። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ሰው የማያነሳው ነገር «ሲበላሽ ለማን ይደወላል?» የሚለው ነው። ዊንዶውስ ሲያስቸግር የጎረቤት ልጅም ያውቃል። ሊኑክስ የጫንኩላቸው ሰዎች ግን የሚደውሉት ለኔ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጫንኩና ዋይፋዩ ጠፋ። የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር (የሚያሠራው ሶፍትዌር) አብሮ አልመጣም። ለዋይፋዩ ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መፍትሔው ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ ማጋራት ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ግን ማን ይነግራታል? ኦንላይን ጠይቃ ያገኘችው መልስ «መጀመሪያ የትኛውን ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) እንደምትጠቀሚ ንገሪን» እና ስምንት መስመር የተርሚናል ትእዛዝ ነው። አንዱማ የካርዱን ዓይነት ሳታጣራ በመግዛቷ ገሠጻት። እኛው ነን ሰው የምናስበረግገው ስል በምክንያት ነው።

አሁን ወዳንተ ላፕቶፕ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አብቅቷል። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ገና ያላረጀ ማሽን ውጭ ቀረ። ብዙ ሰው «ይኸው አሁን ሁሉም ወደ ሊኑክስ ይጎርፋል» ይላል። በ2014 ኤክስፒ ሲቆምም፣ በ2020 ዊንዶውስ 7 ሲቆምም ይህንኑ ሰምቼ ነበር። በዙሪያዬ ያየሁት ግን አብዛኛው ሰው ያለ ድጋፍ መጠቀሙን ቀጠለ፣ የቻለ አዲስ ማሽን ገዛ፣ ጥቂቱ እኔ ጋ መጣ። የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው በስታትካውንተር ቆጠራ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ 4 በመቶን የዘለለው በ2024 መጀመሪያ ነው። ከተጀመረ 33ኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። እያደገ ነው፤ ግን ጎርፍ አትበለው።

ስለዚህ ለጥያቄህ የኔ መልስ፦ ሰውን በክርክር አሳምነው አይማርኩትም፤ ሳያውቀው ግን ይማርኩታል። አንተን ይመቹህ እንደሆን ማወቅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን መሞከር ትችላለህ።

እዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጣጣ በኋላ የገባኝን ልንገርህ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደር በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስኖ ወደ 15,000 የሚሆን ኮምፒውተር ለወጠ፤ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ አለ። የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ (ወታደራዊ የፖሊስ ኃይል) ግን ቆይቷል። እነሱ በ2005 ዊንዶውሱን ሳይነኩ የቢሮ ሶፍትዌሩን ነፃ ወደ ሆነው ኦፕንኦፊስ ቀየሩ። ቀጥሎ ብራውዘሩን ፋየርፎክስ አደረጉት። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው ኡቡንቱ የመጣው በ2008 ነው። ሠራተኛው ያኔ ፕሮግራሞቹን ለምዷቸዋል፣ ከሥር ያለው ብቻ ተለወጠ። የሙኒክ ነገር ፖለቲካም አለበት፣ በአንድ ምክንያት አይታሰርም። የዣንዳርሜሪዎቹን ቅደም ተከተል ግን እኔ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሰው እጠቀምበታለሁ፣ የሚነቀለውም ቀንሷል።

አንተም ዊንዶውሱ ላይ እንዳለህ ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር የሆነውን ሊብሬኦፊስ ጫንና አንድ ወር ሥራበት። የምትከፍተው ደግሞ አዲስ ባዶ ፋይል ሳይሆን ያንን ጣጣ የበዛበትን፣ ሠንጠረዡና ቀለሙ የተጨናነቀውን ፋይልህን ይሁን። ፎንት ቢቀያየርብህ፣ ገጽ ቢዘልብህ ያኔ ታየዋለህ። ወሩን ከተወጣኸው ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭነው ከፍላሹ አስነሳው። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን ሞክር። ክዳኑን ዘግተህ መልሰህ ክፈተው፤ ከእንቅልፉ አልነቃ ያለኝ ላፕቶፕ አንድ ሁለት አይደለም። ፎቶሾፕ ወይም ከላይ ያልኳቸው ዓይነት ጌሞች የግድ ከሆኑብህ ግን አትድከም፣ እዚያው ሁን። በጀመርክበት ቀን ደግሞ እንደኔ ዊንዶውሱን ጠርገህ እንዳትጥለው። ፋይልህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

የሒሳቡ ጓደኛዬ ባለፈው ወር ደወለልኝ። መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ሥራ ብራውዘር ላይ ወደሚሠራ ሲስተም አዙሮታል፤ አረንጓዴዋ ቁልፍ ጡረታ ወጥታለች። ላፕቶፑም እንዳንተው ለ11 አይሆንም ተብሏል። «ያ የድሮው ነገርህ አሁንም አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ፍላሹን አዘጋጅቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን መጀመሪያ ፕሪንተሩን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።