እንጀራ ልተው ወይ? ስለ ሂስታሚንና ማስት ሴል ለጠየቃችሁኝ

ጎንደር ውስጥ ፋርማሲ ነው የምውለው። የማስት ሴል ችግር እኔም ስላለብኝ ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ይመጣብኛል። ሰሞኑን የደረሱኝን እዚህ እመልሳለሁ። ሐኪም እንዳልሆንኩ ግን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ማስት ሴልና ሂስታሚን አለመቻል አንድ ናቸው?

አይደሉም። ማስት ሴል በቆዳ፣ በአንጀትና በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለ የመከላከያ ሴል ነው። ፖል ኧርሊክ የተባለ ጀርመናዊ በ1878 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ነው። ማሳከክና መቅላት የሚያመጣውን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ቋጥሮ ይዞ፣ ጠላት መጣ ሲል ይለቃል። ሴሎቹ በትንሽ በትልቁ የሚለቁ ከሆነ ችግሩ የማስት ሴል ነው። ሂስታሚን አለመቻል ደግሞ በምግብ የሚገባውን ሂስታሚን አንጀት በወጉ ሳይሰብረው ሲቀር ነው። ይህን የሚሰብረው ኢንዛይም ዲ.ኤ.ኦ. ይባላል። ማሳከኩ፣ ፊት መቅላቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ተቅማጡ ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ኢንተርኔት ላይ የቦካ ነገር ሁሉ ክልክል ነው ይላል። እንጀራ ልተው?

እህቴ፣ ሳትሞክሪ አትተዪ። እነዚያ ዝርዝሮች የተጻፉት ወራት የቆየ አይብ፣ ቀይ ወይንና የደረቀ ቋሊማ ለሚበላ ማኅበረሰብ ነው። የኛን ሌማት አያውቁትም። ምግብ ውስጥ ሂስታሚን የሚፈጠረው ባክቴሪያ ሂስቲዲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ሲለውጠው ነው። ስለዚህ ሥጋ፣ ዓሣና አይብ ሲቆዩ ያሰጋሉ። የጤፍ ሊጥ ከነሱ ጋር እኩል አይደለም። ደግሞም የቦካ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የትኛው ባክቴሪያ እንዳቦካው ይወስነዋል።

እንዲህ አድርጊ። ለሁለት ሳምንት አፍለኛ እንጀራ ብይ፣ ካልሆነም ቂጣ፣ ገንፎ፣ ቂንጬ። አዋዜ፣ ስልጆ፣ እርጎ፣ ቋንጣ፣ ቲማቲምና መጠጥ ለጊዜው ይቆዩ። የበላሽውንና የተሰማሽን ደብተር ላይ ጻፊ። ከተሻለሽ አንድ በአንድ መልሺ፤ መጀመሪያ የምትወጂውን። ደህና የሆነው ይመለስ፣ የጎዳሽ ይቅር። ብዙ ሰው መመለሱን ይረሳል። ዓመት ሙሉ ሩዝና ድንች ብቻ በልታ ከስታ የመጣች ልጅ አይቻለሁ፤ የጎዳት ረሃቡ ነበር። ካልተሻለሽም ምክንያቱ ምግቡ አይደለምና ክልከላውን ተዪው፣ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ከቡኮው በላይ እኔ የምፈራው ያደረ ወጥ ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ ትዝ ይበልሽ። ጠዋት ይሞቃል፣ ማታ ይሞቃል፣ አራተኛ ቀኑ ላይ "አሁን ነው የጣመው" ይባላል። ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድል ይሆናል፣ የተፈጠረውን ሂስታሚን ግን አያጠፋውም። ወጡ ቀዝቀዝ እንዳለ ለአንድ አንድ ጊዜ በሚበቃ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። ስትፈልጊ አንዱን አውጥተሽ ወዲያው አሙቀሽ ብይ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሰሽ አታቀዝቅዢው። ፍሪዘር ከሌለሽ ትንሽ ትንሽ መሥራት ነው፤ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጿሚ ነኝ ልጄ፤ ሁዳዴ ሲመጣ ምን ልሁን?

እትዬ፣ ጾሙ ራሱ ብዙም አይከብድም። ጠዋት ተሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድስቱ ውስጥ የሚቆየው ወጥ ነው የሚያስቸግረው። ሽሮዎትን ሊበሉ ሲሉ ያሠሩት። ድንች አልጫ፣ ካሮት፣ ጎመን ጥሩ ናቸው። ምስርና ሽምብራ ላይ ዝርዝሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ የራስዎን ሆድ ይስሙ። በርበሬውንም ለዘብ ያድርጉት። ከጣና የሚመጣ ዓሣ ከበሉም የዕለቱ ይሁን። መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ ካለብዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ጠላስ? ጠጅስ?

ጋሼ፣ አልኮል የዲ.ኤ.ኦ.ን ሥራ ያውካል፣ ማስት ሴልንም ይቆሰቁሳል። አረቄም ከዚህ አያመልጥም። አንድ ብርሌ ጠጅ ቀምሰው ፊትዎ የሚቀላ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል።

ጥያቄ፦ ለወገቤ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጋሁና ገላዬ ሁሉ ችፍ አለ። ሂስታሚን ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ቀላል ነገር ግን አይደለም። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን በአንዳንድ ሰው ላይ ማስት ሴልን ይቀሰቅሳሉ። ኮዴይንና ሞርፊንም እንዲሁ። የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፈህ ቦርሳህ ውስጥ ያዝ። የትም ስትሄድ "መርፌ ውጉኝ" ከማለትህ በፊት አሳይ። ለሕመም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይሻላል። ወስዶት ምንም ያልሆነ ሰው ግን በወሬ ብቻ መተው የለበትም።

ጥያቄ፦ ሴትሪዚን (የአለርጂ ክኒኑን) በየቀኑ መዋጥ ይጎዳል?

ሐኪም ካዘዘው በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱት ብዙ ናቸው። ኩላሊት የታመመ ሰው መጠኑ ስለሚቀነስለት ይናገር። ሎራታዲንም አለ። ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለሾፌር አልመክርም። ሆድ የሚያስቸግረው ሰው ፋሞቲዲን የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ሊጨመርለት ይችላል። የዲ.ኤ.ኦ. እንክብል ከውጭ የምታስመጡ፣ ማስረጃው ገና ስስ ነው፤ ብራችሁን ትኩስ ምግብ ላይ አውሉት።

ጥያቄ፦ ምርመራ አለው?

ለሂስታሚን አለመቻል የሚታመን አንድ ምርመራ የለም፤ ከላይ ያልኩት ደብተር ይበልጣል። ለማስት ሴል ግን ትሪፕቴዝ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ሕመሙ በተነሳ በአራት ሰዓት ውስጥ ይቀዳል፣ ደህና በሆንክበት ቀን ደግሞ ይደገማል። የደህናው ቀን ቁጥር በሚሊ ሊትር 5 ናኖግራም ቢሆን፣ 20 በመቶውንና 2 ስትጨምርበት 8 ይመጣል። ያመመህ ቀን 8 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ማስት ሴሎችህ ለመልቀቃቸው ትልቅ ምልክት ነው። የት እንደሚሠራ ሳትታመም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሆዴ ይነፋል፣ ያሳክከኛል። አለብኝ ማለት ነው?

ቀስ በል ወንድሜ። መጀመሪያ ሰገራ ተመርመር። ጃርዲያ ሆድ ይነፋል፣ የሆድ ትል ሽፍታ ያወጣል፣ የጨጓራ ባክቴሪያም አለ። እከክም ሌሊት ያሳክካል። በኛ አገር እነዚህ ይቀድማሉ፤ መድኃኒታቸውም ርካሽ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካኝ ቆዳዬ ያብጣል። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ልግባ?

አትግባ! የቅዝቃዜ አለርጂ ይመስላል። መላ ሰውነትህ በአንዴ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ማስት ሴሎችህ በአንዴ ይለቃሉ። ደም ግፊትህ ወርዶ ውኃው ውስጥ ራስህን ልትስት ትችላለህ። በዚያ ግርግር ማን ያይሃል? ጸበሉን ዳር ሆነህ ጥቂት ይርጩህ፣ እሱንም ሐኪም ካየህ በኋላ። ሐኪሙ በረዶ ክንድህ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ሊያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ወደ ሆስፒታል የምሮጠው?

ጉሮሮ ሲጠብ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ምላስ ሲያብጥ፣ ራስ ሲያዞር ወይም ሰው ሲወድቅ። ሽፍታ ባይኖርም። ያኔ የሚያድነው ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ሴትሪዚን ውጦ መጠበቅ አይደለም። የሚያዞረው ሰው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል። ለዚህ ነው ባጃጅ የማይመቸው፤ የሚያስተኛ መኪና ፈልጉ። ትንፋሽ ያጠረው ግን ቀና ብሎ ይቀመጥ። ሌላ ካልተገኘ ባጃጁም ይሁን፣ ብቻ አትዘግዩ።

ጥያቄ፦ ቡና ሲፈላ ያስነጥሰኛል፣ ፊቴም ይቀላል። ቡና ልተው?

መጀመሪያ ዕጣኑንና የከሰሉን ጭስ ጠርጥሪ። አንድ ሳምንት ዕጣን ሳይጨስ፣ ከሰሉ ደጅ ተያይዞ ይፈላ፤ አንቺም በር አጠገብ ተቀመጪ። ከቀረልሽ ቡናሽን እስከ በረካው ጠጪ። ካልቀረ ቡናውን ለሳምንት አቁመሽ እይው። ዕጣን ይቅር ማለቱን ለእናትሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ እኔ የለሁበትም።