ኤሲ ከመግዛትዎ በፊት የምዕራቡን ግድግዳ ይዩ

አዲስ አበባ ላይ ጂ ፕላስ 4 የቢሮ ሕንፃ ሊጀምሩ ያሉ አንባቢ ጽፈውልኛል። የመንገዱ ፊት ምዕራብ ነው፤ ዲዛይኑ ላይ ከላይ እስከ ታች መስታወት ሆኗል። ስንት ኤሲ ያስፈልገኛል? ውሃ በተከታታይ 3 ቀን ስለሚጠፋ ለ60 ሠራተኛ ምን ያህል ሮቶ ልግዛ? ይላሉ።

ኤሲውን ለጊዜው ያቆዩት። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ቢሮን የሚያግለው በአብዛኛው በመስታወት የሚገባው ፀሐይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ከመስኮት በላይ የሚሠራ ጥላ አያግዳትም። እንዲህ ያለ ቢሮ ገብተው ይዩ። ሠራተኛው መጋረጃ ዘግቶ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ነው የሚሠራው። ያም ሆኖ ይሞቃል፤ መጋረጃው ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነዋ!

ስለዚህ አርክቴክትዎን ደረጃውን፣ መጸዳጃውንና ዕቃ ቤቱን ወደ ምዕራብ እንዲያዞሩ ይጠይቋቸው። የቀረው ብሎኬት ይሁን፤ መስኮት የግድ ካስፈለገ ጠባብ ሆኖ ከውጭ በኩል የቆመ መከለያ ይደረግለት። ሰፊውን መስኮት ለሰሜንና ለደቡብ ይስጡት። ቁመቱ 1.5 ሜትር ለሆነ የደቡብ መስኮት 95 ሴንቲ ሜትር የወጣ ጥላ የታኅሣሥን የቀትር ፀሐይ ይከልላል። ለሰሜኑ 40 ይበቃል።

የመስኮቱ የላይኛው ክፍል ፍርግርግና ወንፊት ተገጥሞለት ሌሊት ክፍት ይደር። ስላቡንም ኮርኒስ አያልብሱት። ሌሊት የቀዘቀዘ ኮንክሪት ከሰዓት ድረስ ክፍሉን ያቀዘቅዛል። እኔ ብሆን ኤሲ የማስገባው ሰርቨር ክፍል ብቻ ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ። በ3 እና በ6 ሊትር የሚለቅ ባለ ሁለት ቁልፍ መጸዳጃ ካስገቡ፣ ለአንድ ሠራተኛ በቀን 25 ሊትር ብዬ አሰላለሁ። ለ60 ሰው 1,500 ነው፤ ለ3 ቀን 4,500። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃዎታል።

የጣሪያውን ዝናብም አይርሱት። 300 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 300 ሊትር ነው። ለበጋ ላጠራቅም ካሉ ግን ታንከሩ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። በነዚያ ወራት መጸዳጃው በሱ ይሥራ። ከአሸንዳው የሚመጣው የመጀመሪያ ውሃ አቧራ ስለሚይዝ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የዝናብ ውሃው ቧንቧ ለብቻው ከልስን በፊት ይዘርጋ፤ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል። ከእጅ መታጠቢያውና ከኩሽናው መስመር ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ።